«ውሃ መጣች» የሚያሰኘው ማነው?

ሬዲዮናችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉት። እጃችሁ ሥራ ይዞ ከሆነም ሥራችሁን ቀጥሉ፤ የዛሬው ጨዋታ ሽንኩርት እየከተፉም ይሰማል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ውሃ መጣች!» የሚለውን ጩኸት ያውቀዋል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ይተፋል፤ ያስላል፤ ቀጥሎ ደፍራሽ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ከዚያ ንጹሑ ይመጣል። ጎረቤት ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል። ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ በርሜሉ ይደረደራል። ሮቶ ያለው ተገላብጦ ይተኛል። እኔ በልጅነቴ በእንቅልፍ ልቤ ጀሪካን ስሞላ አንድም ቀን ጠይቄ የማላውቀው ነገር ቢኖር፣ የእኛ ሰፈር ተራ ማክሰኞና ዓርብ እንዲሆን የወሰነው ማነው የሚለውን ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ወስኖታል። ውሃ ራሷ ማክሰኞን አትመርጥም።

የዛሬው ዝግጅታችን ስለዚያ ሰው ነው። ይህንን ሰው ሕዝብ በድምፁ የሚመርጥበት አገር አለና፣ ወደዚያ ወስጄአችሁ፣ ሰውየው እንዴት ለምርጫ እንደሚቀርብ፣ ምን ብሎ እንደሚቀሰቅስ፣ ምን ቃል ቢገባ እንደሚያምርበትና ምን ቢል እንደሚዋሽ አጫውታችኋለሁ። ቦታው ካሊፎርኒያ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ በስተምሥራቅ ኦክላንድ የምትባል ከተማ አለች። ቴሌግራፍ በሚባለው ጎዳና ላይ የተጓዘ ሰው የእንጀራና የበርበሬ ሽታ ይቀበለዋል፤ የእኛም የኤርትራውያንም ምግብ ቤቶች ተሰልፈውበታል። በእነዚያ ቤቶች ማድጋ ውስጥ፣ ይቅርታ፣ ማድጋው ቀርቷል፣ በእነዚያ ቤቶች ቧንቧ የሚወርደው ውሃ የሚመጣው ሞከለሚ ከሚባል ወንዝ ነው። ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች በረዶ ቀልጦ፣ በ1929 ተሠርቶ ባለቀው የፓርዲ ግድብ ተጠራቅሞ፣ ወደ 145 ኪሎ ሜትር ገደማ በትላልቅ ቧንቧ ተጉዞ ነው ሽሮው ውስጥ የሚገባው።

ይህንን ውሃ የሚያስተዳድረው ድርጅት ኢስት ቤይ ሙኒሲፓል ዩቲሊቲ ዲስትሪክት ይባላል። ስሙ ሲያጥር «መድ» ይሆናል፤ በእንግሊዝኛ ጭቃ ማለት ነው። ውሃ የሚያቀርብልህ ድርጅት ስሙ ጭቃ ሲሆን ትንሽ ያስደነግጣል፤ የአገሩ ሰው ግን ለምዶታል፣ በፍቅር ነው የሚጠራው። ድርጅቱ የከተማው ማዘጋጃ ቤት አካል አይደለም፤ የግል ኩባንያም አይደለም። ቀድሞ በዚያ አካባቢ ውሃ የሚሸጡት የግል ኩባንያዎች ነበሩ። በ1923 ሕዝቡ በድምፁ ይህንን የጋራ ድርጅት አቋቋመ። ዛሬ 1.4 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው ውሃ ያደርሳል። የበላይ አካሉ ሰባት ሰዎች ያሉበት ቦርድ ነው። አካባቢው በሰባት የምርጫ ክልል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ ክልል እዚያው ከሚኖሩት መካከል አንድ ሰው ይመርጣል። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ነው። ዕጩዎቹ በፓርቲ ስም አይቀርቡም።

በካሊፎርኒያ እንዲህ ያሉ ውሃ የሚያስተዳድሩ ቦርዶች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ እንደ ኢስት ቤይ ግዙፍ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ቀበሌ አይበልጥም። እነዚህ ሰዎች የውሃ ታሪፍ ያወጣሉ፣ የትኛው ሰፈር ቧንቧ ቀድሞ እንደሚቀየር ይወስናሉ፣ በድርቅ ጊዜ ማን ምን ያህል ይቀንስ የሚለውን ይደነግጋሉ። ይህን ሁሉ ሥልጣን ይዘው ግን የሚያውቃቸው የለም። መራጩ ወረቀቱን ሲከፍት መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ያገኛል፤ ከዚያ የምክር ቤት አባል፣ ዳኛ፣ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ ከንቲባ፤ ወደ ውሃው ቦርድ ሲደርስ እስክሪብቶውም ልቡም ደክሟል። ብዙ ሰው እዚያ ሲደርስ ባዶውን አልፎት ይሄዳል።

አንድ ማምሻ፣ ስሙን የማልጠቅሰው ትንሽ የውሃ ቦርድ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። በካሊፎርኒያ በ1953 የወጣ ሕግ አለ፤ እንዲህ ያለው ቦርድ መደበኛ ስብሰባውን በአደባባይ እንዲያደርግ፣ አጀንዳውንም ከ72 ሰዓት በፊት እንዲለጥፍ፣ ሕዝቡም እንዲናገር ያስገድዳል። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። ገባሁ። አምስት የቦርድ አባላት፣ መሐንዲስ፣ ጸሐፊ። ከሕዝቡ ወገን እኔ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዙ አንድ አዛውንት፣ ሌላ ማንም የለም። መሐንዲሱ ስለሚቀየር ቧንቧ አብራራ፤ ቦርዱ የብዙ ዓመት ዕዳ የሚያስከትለውን ውሳኔ የያዝኩት ቡና ሳይቀዘቅዝ አጸደቀው። አዛውንቱ ተነሥተው በተፈቀደላቸው ደቂቃ፣ ቤታቸው ኮረብታ ላይ እንደሆነ፣ ጠዋት ጠዋት የሻወሩ ውሃ ጉልበት እንደሚያጣ፣ ቀኑንና ሰዓቱን እየመዘገቡ እንደሆነ ተናገሩ። «ቧንቧው የሚቀየረው ከታች ነው ወይስ ከላይ?» አሉ። ማንም ወዲያው አልመለሰላቸውም። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ወጣ፤ እመለስበታለሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ አንዲት ነርስ እናስብ። ኦክላንድ ትኖራለች፣ ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች፣ ልጆች አሏት፣ የውሃ ቢሉ እየከበደ ሲሄድ «ይህን ቁጥር የሚጽፈው ማነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱን ስታገኝም «እኔስ ለምን አልወዳደርም?» አለች።

የመጀመሪያው ጥያቄ ትችላለች ወይ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ የሚወዳደር ሰው በዚያው ክልል የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት፤ ለመመዝገብ ደግሞ የአሜሪካ ዜግነት ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ብቻውን አይበቃም። የውሃ መሐንዲስ መሆን ግን አይጠበቅባትም። ይህ ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር ነው፤ «እኔ ስለ ውሃ ምን አውቃለሁ?» ይላል። ቦርዱ መሐንዲስ ይቀጥራል። የቦርዱ አባል ሥራ መሐንዲሱን ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ አንድ ነርስ ሐኪሙን «ይህ መድኃኒት ለዚህ ሰው ነው እርግጠኛ ነህ?» ብላ እንደምትጠይቀው ማለት ነው።

ዜግነት ካላት ቀጥሎ ጊዜው ነው። በካሊፎርኒያ ደንብ የዕጩነት ማመልከቻ የሚገባው በአብዛኛው ከምርጫው ቀን በፊት ካለው 113ኛ ቀን ጀምሮ እስከ 88ኛው ቀን ነው። ለ2024ቱ የኖቬምበር 5 ምርጫ ይህ ከጁላይ 15 እስከ ኦገስት 9 ነበር። ሰዉ ስለ ምርጫ ማሰብ የሚጀምረው ቅጠል ሲረግፍ ነው፤ በሩ የሚዘጋው ግን ገና በበጋ፣ ሰው ሽርሽር ላይ እያለ። እዚህ ላይ ብዙ የማኅበረሰባችን ሰው ያልሰማውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በብዙዎቹ ዲስትሪክቶች፣ ለአንድ ወንበር አንድ ሰው ብቻ ካመለከተና ምርጫ ይደረግ ብሎ በፊርማ የጠየቀ ከሌለ፣ ምርጫው ጭራሽ አይካሄድም። ካውንቲ የሚባለው የአካባቢ መስተዳድር አስተዳዳሪዎች ያንኑ ሰው ይሾሙታል። በወረቀቱ ላይ ስሙ አይታይም፤ ድምፅ የሰጠው የለም፤ አራት ዓመት ይቀመጣል። አንዳንዱ ከአንድ ዘመን በላይ እንዲህ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለተኛ ዕጩ ሆኖ መቅረብ፣ ባያሸንፉ እንኳ፣ ምርጫውን ምርጫ ያደርገዋል።

አሁን ወደሚያስቀኝና ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በካሊፎርኒያ የምርጫ ወረቀት ላይ ከዕጩው ስም ሥር የሚጻፈው ሥራው ነው፤ የሚፈቀደው ከሦስት ቃል የማይበልጥ ነው። ሦስት ቃል! የሕይወት ታሪክህን፣ ስደትህን፣ ልጅ ማሳደግህን፣ ሌሊት መሥራትህን፣ ሁሉን በሦስት ቃል። ደግሞ የፈለግከውን አትጽፍም። ትክክለኛ መተዳደሪያህ መሆን አለበት። «አገር ወዳድ» ብለህ ብትጽፍ አይቀበሉህም። «ግብር ከፋይ» አይሆንም። «ተቆርቋሪ ዜጋ» እሱም አይሆንም፤ እነዚህ ሥራ አይደሉም ይሉሃል። በሥልጣን ላይ ያለው ተወዳዳሪህ ግን የያዘውን ሹመት መጻፍ ይችላል። እናም ስለ ውሃ ቦርድ ምንም የማያውቅ መራጭ፣ ደክሞት ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ሲደርስ፣ የሚያየው ሁለት የማያውቃቸውን ስሞችና ከሥራቸው ያሉትን ሁለት ሦስት ቃላት ነው። እዚያች ላይ ይወስናል። የአገሩ ተወላጅ ያልሆነ ስም ለያዘ ሰው ደግሞ ያቺ መስመር የበለጠ ትከብዳለች። ነርሷ የምትጽፈው ምንድን ነው? «የተመዘገበች ነርስ»። ሁለት ቃል። ሦስተኛውን ቦታ ባዶ ብትተወው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ነርስን ሁሉም ሰው ያምናል፣ ቅጽል አያስፈልጋትም።

ከዚህ ሌላ ካውንቲው ለመራጩ በሚልከው መጽሔት ላይ 200 ቃል የሚሆን መግለጫ ማስገባት ይቻላል፤ አንዳንድ ዲስትሪክት እስከ 400 ይፈቅዳል። ስለ ተወዳዳሪህ እዚያ ውስጥ አታነሣም፤ ፓርቲህንም አትጠቅስም። ስለ ራስህ ብቻ። ነገር ግን ለሕትመቱ ዕጩው ራሱ እንዲከፍል የሚጠይቁ ቦታዎች አሉ፤ ሒሳቡም በመራጩ ብዛት ስለሚወጣ በትልቅ ካውንቲ ውስጥ ኪስ ይጎዳል። ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ። ደግሞ የዘመቻ ገንዘብ ይመዘገባል፤ በዓመት ከ2,000 ዶላር በታች የሚሰበስብና የሚያወጣ ዕጩ አጭሩን ቅጽ ብቻ ሞልቶ ይገላገላል። የንብረትና የጥቅም መግለጫም አለ። ውሃ የሚነካው መሬት ካለህ ተናገር ነው ነገሩ፤ ካሸነፍክ በኋላም የራስህ ጥቅም የተነካበት ጉዳይ ሲመጣ ከወንበርህ ተነሥተህ ትወጣለህ።

ለማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን አንድ ማሳሰቢያ። በበጎ አድራጎት ስም የተመዘገበ ማኅበር ዕጩ መደገፍ አይፈቀድለትም፤ ግብር የማይከፍልበት መብቱ ሊነካ ይችላል። ሁሉንም ዕጩዎች እኩል ጋብዞ ማነጋገር ግን ይችላል። ቤቷ ቡና አፍልታ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ደግሞ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልጋትም። እንዲያውም ለውሃ ቦርድ ከዚህ የተሻለ ዘመቻ አላውቅም። ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ አቦል ወርዶ፣ ነርሷ «ይህ ውሃ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» ብላ ብትጀምር፣ በሺህ ዶላር የታተመ ፖስተር የማይሠራውን ትሠራለች። ምርጫ ክልሉ ትንሽ በሆነበት ቦታ በር እያንኳኩ መሄድም ውጤት አለው። ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

በሩ ተከፈተ እንበል። ባለቤቱ ምን ይላል? መጀመሪያ የሚለው «ቢሌን ቀንሺልኝ» ነው። የዘመቻው ፈተና እዚህ ላይ ነው።

«እቀንሳለሁ» ማለት ቀላል ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ እንዲህ ያለው ቃልም እያሳሳቀ ይወስዳል። ምክንያቱን ልንገራችሁ። የውሃ ድርጅት ወጪ በአብዛኛው ውሃው አይደለም። ግድቡ፣ ቧንቧው፣ ፓምፑ፣ ማጣሪያው፣ ሠራተኛው ነው። ሰው ብዙም ቢጠጣ ትንሽም ቢጠጣ ቧንቧው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ይዝጋል። ዕድርን አስቡ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሰው ባይሞት የዕድሩ ድንኳን መጠገኑ፣ የዕቃ ቤቱ ኪራይ መከፈሉ አይቀርም። ውሃም እንዲሁ ነው። አሁን ድርቅ መጣ እንበል። በ2015 ኤፕሪል ላይ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ የነበሩት ጄሪ ብራውን በከተሞች የውሃ ፍጆታ በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዘዙ። ሕዝቡ ቀነሰ፣ ሣሩን አደረቀ፣ ሻወሩን አሳጠረ። ኢስት ቤይ በዚያ ድርቅ በቀን ከ1,000 ጋሎን፣ ማለትም ከ3,785 ሊትር ገደማ በላይ የሚያባክኑትን ቀጣ፤ ስማቸውንም ይፋ አደረገ። ታዋቂ ሰዎች ነበሩባቸው፤ ሰፈሩ ጉድ አለ። ውሃ ሲቆጠብ ግን የሚሸጠው ውሃም ያንሳል፤ ገቢው ይቀንሳል፤ የቧንቧው ወጪ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ታሪፍ ይጨመራል። ሰውየው «የተባልኩትን አደረግሁ፣ ለምን አስጨመራችሁኝ?» ይላል። ንዴቱ ትክክል ነው፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ይህንን በር ላይ ቆማ፣ ሳትሸሽ፣ በሁለት ደቂቃ የምታስረዳ ዕጩ ካገኛችሁ ያዟት።

ሕጉም ያሥራታል። በ1996 የካሊፎርኒያ መራጭ «ፕሮፖዚሽን 218» የሚባለውን አጸደቀ። በዚህ መሠረት ታሪፍ ከአገልግሎቱ ትክክለኛ ወጪ ሊበልጥ አይችልም፤ ከመጨመሩም በፊት ከ45 ቀን ያላነሰ ማስታወቂያ በፖስታ ይላካል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ይዞታዎች በጽሑፍ ከተቃወሙ ጭማሪው ይወድቃል። ያ ፖስታ ቤታችሁ ሲመጣ ማስታወቂያ መስሏችሁ አትጣሉት። ይህ ሕግ ለዕጩም ወጥመድ አለው። «ከሀብታሙ አብዝቼ ወስጄ ለድሃው አቀንሳለሁ» የምትል ዕጩ ልቧ ጥሩ ነው፤ በታሪፍ በኩል ግን ሕጉ አይፈቅድላትም። ድሃውን ለመርዳት ሌላ ገንዘብ መፈለግ አለባት፤ ለምሳሌ ድርጅቱ ከኪራይ የሚያገኘውን። ከየት እንደሚመጣ መናገር የምትችል ዕጩ የቤት ሥራዋን ሠርታለች።

ለድሃው ግን የወጣ ሌላ ሕግ አለ። በ2018 የወጣ ነው፤ ከ200 በላይ ደንበኛ ያለው የውሃ ድርጅት፣ ሰው ሳይከፍል 60 ቀን እስኪያልፈው ድረስ ውሃውን መቁረጥ አይችልም። ቢል የከበደባችሁ ካላችሁ ስልኩን አትፍሩት፤ ቀድማችሁ ደውሉና በየወሩ ከፋፍላችሁ እንድትከፍሉ ጠይቁ።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራሁት አንድ ሰው አንድ ድምፅ ስላለበት ምርጫ ነው። ሁሉም ቦታ ግን እንዲያ አይደለም። ከኦክላንድ በስተደቡብ፣ በሳን ዋኪን ሸለቆ፣ ቱላሬ የሚባል ሐይቅ ነበረ። ደርቆ፣ ታርሶ፣ የጥጥ እርሻ ሆነ። እዚያ ያለው የውሃ ማከማቻ ዲስትሪክት ቦርዱን የሚመርጠው በነዋሪ አይደለም፤ በመሬት ነው። በ100 ዶላር የመሬት ግምት አንድ ድምፅ። አካባቢው ወደ 78,000 ሄክታር ይሆናል፤ የሚኖርበት ሰው ሕፃናትን ጨምሮ 77 ብቻ ነበር፤ አራት ኩባንያዎች 85 በመቶውን ያርሱ ነበር። ቦስዌል የሚባለው ኩባንያ ብቻውን 37,825 ድምፅ ነበረው። እዚያ የቅስቀሳ ቡና ማፍላት ምን ዋጋ አለው?

በ1969 ጎርፍ መጣ። ቦርዱ ጎርፉ ወደ ሌላ ሐይቅ እንዲመለስ የቀረበለትን ሐሳብ በ6 ለ 4 ድምፅ ወደ ጎን አስቀመጠው፤ በዚያኛው ሐይቅ ቦታ ላይ ቦስዌል ለረጅም ጊዜ የተከራየው እርሻ ነበር። ጎርፉ ወደ ሌሎቹ ማሳ ገባ። መሬት ተከራይቶ የሚያርስ አንድ ሰው ቤቱ ከጎርፉ ከፍታ አራት ሜትር ተኩል በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም፤ መሬቱ የእሱ አይደለማ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1973 ፍርድ ቤቱ በ6 ለ 3፣ ድርጅቱ ጠባብ ተግባር ያለው ስለሆነና ወጪውም በባለመሬቱ ላይ ስለሚያርፍ በመሬት መምረጡ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። ዳኛ ዊልያም ዳግላስ አጥብቀው ተቃወሙ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ጎርፍ ቤትህ ሲገባ የመሬት ካርታ አይጠይቅህም። ቱላሬ ሐይቅ፣ እንዳትገረሙ፣ በ2023 ከብዙ ዝናብና በረዶ በኋላ ተመልሶ መጥቶ እርሻውን ውጦት ነበር።

ውሃ የሚያካፍል ሰው በምርጫ መሾሙ ግን የእኛን አገር ሰው አይገርመውም። በሰሜኑ አገራችን በባህላዊ መስኖ የሚያለማ ገበሬ «የውሃ አባት» የሚለውን ያውቃል። ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ይመርጡታል። ተራ ያስይዛል፣ ቦይ ሲጠረግ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ይቆጥራል፣ ሌሊት ተራውን ሳይጠብቅ ቦይ የሰበረውን ይቀጣል። በቦረናም በጥልቆቹ የኤላ ጉድጓዶች ላይ የከብቱን የመጠጫ ተራ የሚመራ «አባ ሄረጋ» የሚሉት ሰው አለ። በ2006 ዓመተ ምሕረት የወጣው የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841 ለእንዲህ ያለው አደረጃጀት ሕጋዊ ቅርጽ ሰጥቷል። የውሃ አባት ፖስተር አይለጥፍም። ሦስት ቃል አያስፈልገውም፤ አባቱንም አያቱንም ያውቋቸዋል፤ ከጎረቤቱ ጋር ድንበር ተጋፍቶ እንደሆነ ያውቃሉ። ኑሮው ራሱ ቅስቀሳው ነው።

በቦዩ ላይ ያለው ጥንታዊ ጠብ የላይኛውና የታችኛው ጠብ ነው። ከላይ ያለው ቀድሞ ያጠጣል፤ ከታች ያለው ማሳ የተረፈችውን ይጠብቃል። እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ማሳው በቦዩ ጫፍ ላይ ያለውን ሰው ነው የውሃ አባት አድርጌ የምመርጠው፤ ውሃ ለእሱ ከደረሰ ለሁሉም ደርሷላ።

አሁን እነዚያን ኮረብታ ላይ የሚኖሩ አዛውንት ላንሣቸው። እንደ እሳቸው ቤት ሁሉ በኦክላንድም የቦዩ ጫፍ ከታች አይደለም፤ ከላይ ነው። ውሃው ወደ ኮረብታው የሚወጣው በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተገፋ ነው፤ ለዚህም ኮረብታ ላይ ያለ ሰው ተጨማሪ ይከፍላል። በ1991 ኦክቶበር ላይ በኦክላንድ ኮረብታዎች ላይ የተነሣው እሳት 25 ሰው ገደለ። መብራት ሲጠፋ ፓምፖቹ ቆሙ፤ የኮረብታው ታንከሮች አለቁ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገድ ዳር ካሉት ቧንቧዎች ውሃ አጡ። ያ ማለት ግን የኮረብታው ሰው ብቻ ነው ጫፍ ላይ ያለው ማለት አይደለም። ከታች፣ ባሕሩ ዳር፣ ቢል አልከፈልኩም ብላ ፖስታ ለመክፈት የምትፈራ እናትም የቦዩ ጫፍ ላይ ናት። እና ነርሷ በር ስታንኳኳ፣ መጀመሪያ ኮረብታው ጫፍ ያለውን በር፣ ቀጥሎ ባሕሩ ዳር ያለውን አፓርታማ ብታንኳኳ ደስ ይለኛል። መሐል ያሉት እስከዚያ ይጠብቁ።

ለመዝጊያ ድምፅ ስለ መስጠት አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ የፌዴራል የምርጫ ሕግ በመራጩ ቋንቋ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለተወሰኑ ቋንቋዎች ነው፤ ከአፍሪካ ቋንቋዎች አንዱም የለበትም፣ አማርኛም። ነገር ግን ያው ሕግ ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የፈለገውን ሰው ረዳት አድርጎ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እስካልሆነ ድረስ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ወረቀቱ ለእያንዳንዱ መራጭ በፖስታ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቁርስ ተበልቶ ሳህኑ ሲነሣ፣ ልጅ ከእናቱ አጠገብ ይቀመጥና ወረቀቱን ይዘረጋል። ፕሬዚዳንቱን አለፉ። ዳኞቹን አለፉ። ዝቅ አለ ጣቱ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«የውሃ ቦርድ ነው እማዬ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው አሁን ያለው ነው። ሌላዋ የተመዘገበች ነርስ ይላል።»

እናት መነጽሯን ታወልቃለች። «ነርሷ ባለፈው ቡና ስናፈላ የመጣችው ናት?»

«አዎ።»

«ያቺ ስለ ኮረብታው ስትናገር የነበረችው?»

«እሷው ናት።»

«በል እስክሪብቶውን ስጠኝ፣ እኔው ራሴ ነኝ የማጠቁረው።»